ስድስት ቀን ጎንደር፦ ከሽሮ ሜዳ እስከ ወለቃ

ሽሮ ሜዳ ትንሽ የባህል ልብስ ሱቅ አለኝ። አባቴ ከጋሞ አገር፣ ከጨንቻ የመጣ ሸማኔ ነው። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲልክ እያየሁ ነው ያደግኩት። ጎንደርን ግን አይቻት አላውቅም ነበር። የጎንደር ልጅ የሆነች ጓደኛዬ በየዓመቱ "ለቁስቋም ነይ" ትለኛለች። ዘንድሮ ሱቁን ለእህቴ ትቼ ሄድኩ። ከተመለስኩ ገና ሳምንት አልሞላኝም፤ ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ማክሰኞ ኅዳር 4 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ዓባይ በረሃ

አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳ። እስከ ጎሐ ጽዮን እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ዓባይን ተሻግረን ወደ ደጀን ሽቅብ መውጣት እንደጀመርን ራዲያተሩ ፈላ። ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመ። ረዳቱ ጀሪካን አንጠልጥሎ ቁልቁል ሮጠ። ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያው ቆምን። ሙቀቱ ልክ የለውም። ሽሮ ሜዳ በኅዳር ጋቢ ይለበሳል፤ እዚያ ነጠላዬ እንኳ ከበደኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት አባት የቢቸና ሰው ነበሩ። ከፌስታላቸው ቆሎ እየዘገኑ ሰጡኝ። የነጠላዬን ጫፍ ይዘው አገላብጠው አዩት።

"ጥበቡ ግሩም ነው። ከየት ገዛሽው?"

"አባቴ ነው የሠራው።"

"እ…" አሉና ጫፉን ለቀቁት። ቆሎውን ግን መስጠት አላቋረጡም።

ይቺን "እ" ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ስድብ አይደለችም። ስድቡ ሲቀር ቦታው ላይ የቀረች ዝምታ ናት። ነጠላ ላይ የሚሠራውን ጥለት ጥበብ እንለዋለን። አዋቂውን ሰው ጠቢብ እንለዋለን። ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን ደግሞ ጠይብ እንላለን፤ ያውም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። ሦስቱም ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መሳደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ንጉሥ ስለ ስድብ አዋጅ እስኪያስነግር ድረስ ነገሩ ምን ያህል አገር እንደጎዳ አስቡት።

ጉዳቱን እኛ ቤት አውቀዋለሁ። አባቴ ወንድሜን ሽመና አላስተማረውም። "እኔ የሰማሁትን እሱ አይስማ" ነው ያለው። ወንድሜ ዛሬ ሚኒባስ ይነዳል። አባቴ በጭንቅላቱ የያዛቸውን ጥለቶች የሚያውቅ ሌላ ሰው ቤታችን የለም።

ባሕር ዳር የገባነው መሽቶ ነው። አልጋ 250 ብር፣ የዓሣ ጥብስ 90 ብር። ዓሣው የዚያን ቀን ድካም አስረስቶኛል።

ረቡዕ ኅዳር 5፣ እንፍራዝና ጎንደር

ከባሕር ዳር ጎንደር በሚኒባስ 90 ብር ከፈልኩ። መንገዱ ጥሩ ነው። ወረታን፣ አዲስ ዘመንን አልፈን እንፍራዝ ስንደርስ ሾፌሩ ሻይ ለመጠጣት አቆመ። እኔም ወረድኩ። ከመንገዱ በላይ ኮረብታው ላይ የአፄ ሠርፀ ድንግል ጉዛራ ግንብ አለ። እኔ ግን የማስበው ስለ ሌላ ሰው ነበር።

የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ እንፍራዝን ይጠራታል። ፈላስፋው ከስደት ወጥቶ እዚህ አገር ሀብቱ በሚባል ሰው ቤት ጸሐፊና አስተማሪ ሆኖ ተቀመጠ ይላል። በቤቱ ሂሩት የምትባል ገረድ ነበረች። ላግባት ብሎ ሲጠይቅ ጌታዋ ከእንግዲህ ያንተ ገረድ ትሁን አለው። ዘርዓ ያዕቆብ እምቢ አለ። ገረዴ ሳትሆን ሚስቴ ትሁን፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው አለ። መጽሐፉን በእርግጥ የጻፈው ማን ነው የሚለው የሊቃውንት ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ለኔ ግን ያቺ ሂሩት የምትባል ሴት አእምሮዬ ውስጥ ቀርታለች። ሻይ የቀዳችልኝ ልጅ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። "ትማሪያለሽ?" ስላት "ከሰዓት ፈረቃ ነኝ" አለችኝ። ሻይ 4 ብር። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ።

የጓደኛዬ ቤት ከፒያሳ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ግቢው በጀሪካን ተሞልቷል። ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ፣ ያውም ሌሊት ነው። ሽሮ ሜዳም ውሃ ይጠፋል፤ እንዲህ ግን አይደለም። እናቷን እማማ ብዬ ነው የምጠራቸው። እግሬን ካላጠብኩ ብለው ታገሉኝ። ስንት ጀሪካን እንደቀራቸው አይቼ ስለነበር በግድ አስጣልኳቸው።

የጽጌ ጾም የመጨረሻው ቀን ነበርና ሽሮና ጎመን በላን። ስንበላ በሩ ላይ ድምፅ ተሰማ። "በእንተ ስማ ለማርያም!" እማማ ከእኔ ሰሃን አጠገብ የነበረውን እንጀራ አንስተው፣ ሽሮ ጨምረውበት ወጡ። ተከተልኳቸው። ደበሎ የለበሰ ልጅ ነው። አኩፋዳውን ከፍቶ ያዘ። ከወሎ በእግሩ ነው የመጣው። ዜማውን አገሩ ጨርሶ፣ ጎንደር በአታ አቋቋም ሊማር ነው። ባቱ ላይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ አለ።

"እናትህ አሉ?" አሉት እማማ።

"አሉ፣ እማማ።"

"በል፣ ነገም እዚሁ ና። ሌላ በር አትድከም።"

ጎንደር ሊቅ የምታፈራው እንዲህ ነው። ትምህርቱ አይከፈልበትም። ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይሠራል፤ የሚበላውን ሰፈሩ ያወጣል። ድጓ፣ ቅኔ፣ አቋቋም፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ እያለ ሃያ ዓመት ቢማር ሃያ ዓመት የሰው እጅ ያበላዋል። ድሃ ነህ ብሎ የሚመልሰው መምህር የለም። ከዚህ የበለጠ የትምህርት መብት አላውቅም፤ ግን በሩ ለወንድ ልጅ ነበር የሚከፈተው። በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው የታወቁ የቅኔ መምህርት የሆኑት አባታቸው መምህር ስለነበሩና ልጄን አስተምራለሁ ስላሉ ነው። ያን የመሰለ አባት ያላጋጠማት ስንት ገላነሽ ቀርታ ይሆን?

ማታ ስለ ዕቅዴ ጠየቁኝ። ዓርብ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር፣ ወለቃ እሄዳለሁ አልኳቸው። እማማ ፊታቸው ተለወጠ። ጠጋ ብለው "ሸክላውን ግዢ፤ ሸክላቸው ጥሩ ነው። እህል ግን እንዳትቀምሺ፣ ልጄ። ዓይናቸው ጥሩ አይደለም" አሉኝ። የወሎውን ልጅ ያበሉት እጆች ጭናቸው ላይ ነበሩ። ምንም ሳልመልስ ተኛሁ።

ሐሙስ ኅዳር 6፣ ቁስቋም

ባጃጅ ለበዓል 10 ብር በነፍስ ወከፍ። ዳገቱ ነጭ በነጭ ሆኗል። የማኅሌቱ ከበሮና ጽናጽል ከታች ጀምሮ ይሰማል። ሥራዬ ነውና ዓይኔ ከነጠላ ነጠላ ይዘላል። አንዱ መዘምር የደረበው ጋቢ የሽሮ ሜዳ እጅ መሆኑን በጠርዙ ለየሁት። ደስ አለኝ። አባቴ ቢያየው ብዬ ፎቶ አነሳሁ።

ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን የተከሉት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1730 ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ሆኖ ሲነግሥ እሳቸውም ዘውድ ጭነው አብረው ገዙ። የቋራ ልጅ ናቸው። ግንብ አሠሩ፣ መጻሕፍት አስጻፉ፣ ሠዓሊዎችን አኖሩ። የእልፍኛቸው ፍርስራሽ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቆሟል። ግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ። እማማ አንዱን ዳብሰው ተሳለሙ።

"ያቺ አዲሷ ፕሬዝዳንት ስሟ ማን ነበር?" አሉኝ በድንገት።

"ሳህለወርቅ ዘውዴ።"

"እሷን በቴሌቪዥን ሳይ እልል ብዬ ጎረቤት ጠራሁ።"

ጥቅምት 15 ቀን ነው የተሾሙት፤ ልክ የሦስት ሳምንት ነገር። ከሳቸው በፊት ከ20ዎቹ ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆኑ። ከሳቸው በኋላ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆኑ። እማማ ይሄን ሁሉ ያውቃሉ፤ ሬዲዮ አይለያቸውም። ከዚያ ስለ ራሳቸው ነገሩኝ። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው የተዳሩት። ሕጉ ያኔም አይፈቅድም ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመት ይላል፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 አሳደገው። ሕጉ እሳቸው ቤት አልደረሰም። "የኔ ልጅ ግን አትዳርም አልኩ" አሉኝ። ባላቸው ሲሞቱ ጠላ ሸጠው አስተማሯት። ጓደኛዬ ዛሬ ጤና መኮንን ናት።

የተማረችው እዚሁ ጎንደር ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አንድ ላይ አሠልጥኖ፣ አንድ ላይ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ጓደኛዬ በተማሪነቷ የወጣችበትን የገጠር ጤና ጣቢያ ስታወራ ዓይኗ ይበራል። እናቷ ጠላ ሲጠምቁ ጌሾ የወቀጠችባቸው እጆች በዚያ ዓመት የመጀመሪያዋን ሕፃን አዋለዱ።

ማታ ዶሮ ተሠራ። "ብዪ እንጂ፣ ምን ታፍሪያለሽ!" እየተባልኩ ከልክ በላይ በላሁ።

ዓርብ ኅዳር 7፣ ወለቃ

ወለቃ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት። ባጃጅ ኮንትራት 60 ብር። የመንገዱ ዳር በሸክላ ተሞልቷል፤ ጀበና፣ ትንንሽ አንበሳ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት። ሕፃናት ሮጠው ከበቡኝ። የዳዊት ኮከብ የተሳለባት አሮጌ የጸሎት ቤት አለች። የጸለዩባት ሰዎች ግን የሉም።

ቤተ እስራኤሎች ናቸው። ሌላው ሰው ፈላሻ፣ ካይላ ይላቸዋል፤ እነሱ አይወዱትም። ሃይማኖታቸውን ካልለወጡ ርስት አይሰጣቸውም ነበር። መሬት የሌለው ሰው በእጁ መኖር አለበት። ግንበኛ፣ አናጺ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። የጎንደርን ግንቦች ድንጋይ በድንጋይ ካቆሙት እጆች ውስጥ የነሱ አለበት። ግንቡ ቆመ፤ ማረሻውን የሠራላቸውን ሰው ግን ገበሬዎቹ ማታ ጅብ ይሆናል አሉት። ከርስት የተነቀለ ሰው መሬት የማግኘት መብት ያየው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ነው። ብዙም ሳይቆይ ወደ እስራኤል መሄድ ጀመሩ። አንዳንዱ በሱዳን በረሃ በእግሩ ወጥቶ መንገድ ላይ ቀረ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ።

ከሄዱት መካከል ከጎንደር አጠገብ አምቦበር የተወለዱት በላይነሽ ዘባድያ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የእስራኤል አምባሳደር ሆነው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ይሄን ሳስብ የሚያመኝ ነገር አለ። ልጅቷ ያው ናት፣ ጭንቅላቷም ያው ነው። እዚህ ብትቀር ውሃ ስትቀዳ ልጆች ምን ይሏት ነበር?

አሁን መንደሯ ውስጥ ሸክላ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ሙያውን ከጎረቤት የወረሱ። አንዷ ሴት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጀበና ትሠራ ነበር። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ተቀመጪ አለችኝ። በርጩማ የለም፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

አፈሩን ከገደል ዳር ራሷ ቆፍራ ታመጣለች። አድርቃ፣ ወቅጣ፣ በወንፊት ትነፋዋለች። ላዩ ላይ የተሰበረ ገል ደቁሳ ትጨምራለች፤ አለዚያ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ሆዱን ስትሠራ ጭቃው አይዞርም፤ የምትዞረው እሷ ናት። ጎንበስ ብላ ዙሪያውን ትሄዳለች፣ አውራ ጣቷ ከውስጥ፣ መዳፏ ከውጭ። ሆዱ ትንሽ ሲጠነክር አንገቱን ለብቻ ሠርታ ትቀጥላለች። መጋጠሚያው ላይ ትንፋሿን ያዘች። እኔም ያዝኩ። ጣቷን በውሃ ነክራ አንድ ጊዜ ዙሪያውን ስታስኬደው መገጣጠሙ ጠፋ። አባቴ የተበጠሰ ድር ሲቀጥል ልክ እንዲህ ነው፤ ከቋጠረው በኋላ ቋጠሮውን ፈልጌ አግኝቼው አላውቅም።

ሲደርቅ በለሰለሰ ድንጋይ ታሸዋለች። ከዚያ በኩበት ታቃጥለዋለች። ጥቁረቱ የሚመጣው ከጭሱ ነው። ከአፈሩ እስከ እሳቱ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ከአምስት አንዱ እሳት ውስጥ ይፈነዳል አለችኝ።

"ልጆችሽ ይችላሉ?" አልኳት።

"ሴቷ ትችላለች። ስምንተኛ ክፍል ናት። እጇ ከኔ ይበልጣል። ግን ትምህርት ቤት እናቷ ምን እንደምትሠራ አትናገርም። 'ነጋዴ ናት' ነው የምትለው።"

ልጅቷ ጓዳ ውስጥ ሆና ትሰማ ነበር። ወጣችና ቡና አቀረበች፤ ከቡናው ጋር የተጠበሰ ሽምብራ። እማማ ያሉኝ ትዝ አለኝ። ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ጋሞ አገር ሸክላ ሠሪው ማና ይባላል። የአባቴ እናት፣ ልጇ ሸማኔ ስለሆነ ሲሰደብ የምታለቅሰው አያቴ፣ የማና ቤት ገብታ ውሃ ቀምሳ አታውቅም። እማማን መኮነን አልችልም፤ ነገሩ እኛም ቤት ነበር። ቡናውን ጠጣሁ። ሽምብራውን በላሁ። ልጅቷ እስክጨርስ ፊቴን ታይ ነበር።

አንድ ጀበና መረጥኩ። 150 ብር አለችኝ። 110 ሰጥቻት ተነሳሁ።

ማታ እራት ላይ እማማ "አልቀመስሽም አይደል?" አሉኝ።

"ቀመስኩ፣ እማማ። ቡና ጠጣሁ።" ከዚያ ልቤ እየመታ ጨመርኩ። "እማማ፣ የኔ አባት ሸማኔ ነው። የኛንም ቤት እህል የማይቀምስ ሰው ነበር።"

ጓደኛዬ ጉርሻ ይዛ ቀረች። እማማ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። "እንጀራ ጨምሪላት" አሉ በመጨረሻ ለልጃቸው። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ቅዳሜ ኅዳር 8፣ ግንቡና አዲስ ዓለም

ጠዋት ፋሲል ግንብ ገባሁ። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆሯት አፄ ፋሲል ናቸው፤ ግቢው ከእ.ኤ.አ. 1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ከሁሉም ግንብ የያዘኝ ትንሹ ነው፤ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት። ንጉሥ ግቢው ውስጥ ለመጽሐፍ ቤት ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ግን እኚሁ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1668 ጉባኤ አስጠርተው ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም ከክርስቲያኑ ተለይቶ በየሰፈሩ እንዲኖር ወሰኑ። መጽሐፍ የወደዱት ሰው ጎረቤትን ከጎረቤት ለዩ። በረንዳው ጥላ ውስጥ ተቀምጬ ሁለቱን ማስታረቅ አቃተኝ።

ያ የሙስሊሞች ሰፈር አዲስ ዓለም ነው። ከቅዳሜ ገበያ ወርጄ ሄድኩ። ገበያው ውስጥ ጥጥና ፈትል እያየሁ ስጠይቅ አንድ ሸማኔ ጋ ወሰዱኝ። አረጋዊ ናቸው፤ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል። ቤታቸው ስገባ ክው አልኩ። ጉድጓዱ የአባቴ ጉድጓድ ነው። መወርወሪያው፣ መርገጫው፣ ከግድግዳው እስከ በሩ የተወጠረው ድር፣ ሁሉም። ጨንቻና ጎንደር ስንት ቀን መንገድ ነው!

"ጋሼ፣ እኔም የሸማኔ ልጅ ነኝ" ስላቸው ከጉድጓዱ ወጥተው ጨበጡኝ። ሙስሊም ድሮ ጎንደር ላይ ርስት አልነበረውም፤ ስለዚህ ወይ ነጋዴ ወይ ሸማኔ ነው። አባታቸውም፣ አያታቸውም ሸማኔ ነበሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ስለ እኩልነት ሰልፍ ሲወጡ፣ ክርስቲያኖችም አብረው ሲወጡ፣ እሳቸው ገና ሸማ የሚማሩ ልጅ ነበሩ። ወሬውን በሬዲዮ ሰሙ። ከዚያ በኋላ ዒድ የመንግሥት በዓል ሆነ። "መሥሪያ ቤት ለኛ በዓል ሲዘጋ አባቴ አላመነም። ወጥቶ በሩን አይቶ መጣ" አሉኝ። ይሄን ሲሉ እጃቸው ድሩን ይዳብስ ነበር። ከልጆቻቸው አንዱ ከሳቸው ጋር ይሠራል። ቀናሁ።

ጋቢ 900 ብር ገዛኋቸው። አልተከራከርኩም።

ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴን አየሁ። ስለ ጣሪያው መላእክት ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። አንገት እስኪዝል ቀና ብሎ ማየት ነው።

እሑድ ኅዳር 9፣ መመለስ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት እማማ ቀሰቀሱኝ። ድርቆሽና በሶ ቋጥረውልኛል። ባጃጁ ውጭ ቆሞ ሲጠብቅ ሌላ ትንሽ ጥቅል በእጄ አስያዙኝ። ስፈታው አምስት ልቃቂት ነው፤ የራሳቸው ፈትል።

"ለአባትሽ ነው። እጄ እንደ ድሮ አይደለም፣ ይቅር በይኝ በያቸው።"

አቅፈው ሳሙኝ። መንገዱ ደህና ነበር፤ ስለሱ የምጽፈው የለኝም። ሽሮ ሜዳ የደረስኩት ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው።

አባቴ ጀበናዋን ተቀበለኝ። በጣቱ ቆርቆር አድርጎ ድምፁን ሰማ። አንገቷን በአውራ ጣቱ ዞራት። "መጋጠሚያው የታለ?" አለ። ፈልጎ አጣው፤ ፈገግ አለ።

"ስንት አለችሽ?"

"150።"

"ስንት ሰጠሻት?"

"110።"

ፈገግታው ጠፋ። "ሰው እኔን ሲከራከረኝ አጠገቤ ቆመሽ አድገሽ?" አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ባያወራኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ 40 ብሩን ለጓደኛዬ ላክሁ፤ ቅዳሜ ወለቃ ሄዳ ለሴትዮዋ ሰጥታልኛለች።

እናቴ ጀበናዋን አሟሽታ ቡና አፈላች። አባቴ ከአቦል እስከ በረካ ጠጣ። ከዚያ የእማማን ልቃቂት አንስቶ ጫፉን ፈታ። በሁለት ጣቱ አክርሮ፣ ወደ አምፖሉ አስጠግቶ አየው።

"ቀጭን ነው። እጇ ጥሩ ነው። ቁመቷ ስንት ይሆናል?"

"እኔን ያህላሉ።"

"ይሄ ለማግ ይበቃል። ድሩን እኔ እጨምራለሁ።" ትንሽ አሰበና ቀና አለ። "ነገ ወንድምሽ ሥራ ከሌለው ጥሪው። ድሩን ሳደራ አንዱን ጫፍ ይያዝልኝ።"